ከጋሽ ሚናስ ግቢ የጠፋው ሞተር

ሞተሩ ቆሞበት ከነበረው ቦታ የቀረው የጎማ ምልክትና ከስኒ አፍ የማትበልጥ የዘይት ጠብታ ብቻ ነበር። ጋሽ ሚናስ ጠብታዋን ቁልቁል እያዩ «ይቺም የእሱ እንዳትመስልህ፤ ትናንት ዘይት ስቀይር እኔ ነኝ ያፈሰስኳት» አሉኝ። ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ብረት የተሰረቀበት ሰው የሞተሩን ስም ለመጠበቅ ሲሟገት ያየሁት የዚያን ዕለት ነው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሰኔ 2011፣ ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። በሰኔ ከቀትር በኋላ ጅቡቲ ውስጥ ከቤቱ የሚወጣ እብድና ፖሊስ ብቻ ነው ይባላል። እኔ ነቢል እባላለሁ፤ የወንጀል ምርመራ ኢንስፔክተር ነኝ። አባቴ የዚሁ አገር ሰው፣ እናቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ያለበት ጉዳይ ሲመጣ አለቃዬ ፋይሉን እንኳ ሳይገልጠው ወደ እኔ ጠረጴዛ ይወረውረዋል።

ጋሽ ሚናስ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። የድሮው ባቡር እስኪቆም ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት መካኒክ ሆነው ሠርተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጋቦዴ ሰፈር ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሞተሩን ከስምንት ዓመት በፊት የገዙት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ መምህር ነው። ለረጅም መንገድ የተሠራ፣ ፈጣን፣ ነፋስ መከላከያ ያለው፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሲሲ የ1992 ሞተር ነው።

«ስገዛው አጥንቱ ብቻ ነበር የቀረው» አሉ። «የፍሬኑን የጎማ ቱቦ አውጥቼ በብረት ሽቦ የተጠለፈ አስገባሁለት። ንዝረት የሚውጠውን የኋላውን አሞርዛተር በአዲስ ለወጥኩ። የፊት መብራቱ የሻማ ያህል ነበር፤ አሁን ግመል ከአንድ ኪሎ ሜትር ያሳይሃል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትርፍ የቤንዚን ሰልባትዮ ገጠምኩለት። ከአሊ ሳቢህ ወዲያ ቤንዚን አይታመንም።»

«ወዴት ሊሄዱ ነበር?»

«ድሬዳዋ ነዋ! አርብ ጎህ ሲቀድ።»

በረንዳው ላይ አንድ የሞተር ኮርቻ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። አየሁትና አለፍኩት። የግቢው በር አልተሰበረም። የተቆለፈውም ቡጢ በሚያክል የነሐስ ቁልፍ ነበር። ጋሽ ሚናስ ምሳቸውን በልተው፣ አየር ማራገቢያቸውን ከፍተው፣ ከሰባት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ተኝተዋል። ሲነሱ በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ሞተሩ ግን የለም።

«የሞተሩ ቁልፍስ የት ነበር?»

«እዚያው ሞተሩ ላይ። ግቢው ከተቆለፈ ማን ይነካዋል?»

«የግቢው መክፈቻ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ አንገቴ ላይ ነው። ሌላው...» ብለው ወደ ጎረቤታቸው ቤት ዞር አሉ።

ያቺ አስተያየት በቂ ነበረች። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አብሯቸው ዞረ። ሁለተኛው መክፈቻ ያለው መዳም ሁዳ ቤት በሠራተኝነት የምትኖር የውብዳር የምትባል ሴት እጅ ነው። መዳም ሁዳ ብቻቸውን ለሚኖሩት ጎረቤቷ በየቀኑ ምሳ ትልካለች፤ የምታደርሰው የውብዳር ናት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከሰፈሩ ግማሹ ሌባዋን አግኝቶ ጨርሷል። እኔ ገና ማስታወሻ ደብተሬን እየፈለግሁ ነበር።

መዳም ሁዳ እጇን አጣምራ ደጃፏ ላይ ጠበቀችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ጎረቤት ምን ይለኛል ከምትል ብትሞት የምትመርጥ ዓይነት ናት።

«እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለህ» አለችኝ በፈረንሳይኛ። «ካላጸዳሃት ሐሙስ ጠዋት በአውቶብስ ትሸኛለች። ሌባ የተባለች ሴት ልጆቼን አታሳድግም።»

የውብዳርን ኩሽና ውስጥ አነጋገርኳት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አራቱን እዚህ ቤት አሳልፋለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም።

«ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ጣሪያ ላይ ልብስ አሰጣ ነበር፤ ጌታዬ። ያየችኝ ፀሐይ ብቻ ናት።»

«የሰማሽው ነገር የለም?»

«ሞተሩ ሲነሳ ሰምቻለሁ። ግን ከግቢው አይደለም፤ ከመስጊዱ ወዲያ ነው። ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ እምቢ ብሎ ነው የተነሳው። ጋሽ ሚናስ ሲያስነሱት አንዴ ነው።»

«ይሄን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

መክፈቻዋን ስጠይቃት ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ፤ በፖስታ አድርጌ ኪሴ ከተትኩት።

«አገሬ መግባቱን አልፈራም» አለች ስወጣ። «የምፈራው ስሙን ነው። ሌባ ተብዬ ደሴ ብወርድ፣ እናቴ ደጅ ሳልደርስ ወሬው ይቀድመኛል።»

ረቡዕ ጠዋት መጀመሪያ የሄድኩት ካርቲዬ ሁለት ሰፈር፣ መለዋወጫ ከሚሸጠው ጫላቸው ዘንድ ነው። ሞተሩን ሽጡልኝ እያለ ጋሽ ሚናስን ዓመት ሙሉ ሲነዘንዝ እንደከረመ ሰፈሩ ሁሉ ነግሮኛል። ጫላቸው ግራ ጉንጩ ኳስ አክሎ አገኘሁት። በጠዋት ጫት! ብዬ ልገስጸው ስል አፉን ከፈተልኝ፤ ጥጥ ነው። ትናንት ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ጥርስ ሐኪም ቤት ነበር። ሐኪሙ ጋ ስደውል «እሱን ሰውዬ አታስታውሰኝ፤ ጩኸቱ በሽተኞቼን አባረረብኝ» አለኝ።

«ደግሞ እኔ ያንን ሞተር ብሰርቅ» አለ ጫላቸው እየተንተባተበ፣ «በጭነት መኪና ነው የምወስደው። ባለፈው ዓመት ልሞክረው ብዬ ጋሽ ሚናስ ሳያዩ ነድቼው ነበር። ትንሽ ሄዶ ቀጥ! ገፍቼ ስመልሰው በሳቅ ሞቱ። ምክንያቱን ግን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።»

በርሬ ወደ ጋቦዴ ተመለስኩ። ጋሽ ሚናስ ጥያቄውን ሲሰሙ ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ አሉ፤ ግቢው ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም።

«የቤንዚን መዝጊያውን ከቦታው አንስቼ በግራ በኩል ፕላስቲኩ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ሁልጊዜ ሳቆመው እዘጋዋለሁ። የማያውቅ ሰው ቢያስነሳው፣ ካርቡራተሩ ውስጥ በቀረችው ቤንዚን ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው።»

«ይህን ትናንት አይነግሩኝም ነበር?»

«ምስጢር ነዋ፤ ኢንስፔክተር!»

መካኒክንና ምስጢሩን የሚለያየው ሞት ብቻ ነው። ለማንም ተናግረው እንደማያውቁ ማሉልኝ። እንግዲህ ሌባው መዝጊያውን የማያውቅ፣ ሞተሩንም በእጁ አስነስቶት የማያውቅ ሰው ነው ማለት ነው። የመኪናዬን ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ከመስጊዱ ወዲያ ካለው ጥግ ላይ አስጀመርኩና በዋናው መንገድ ነዳሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ሲል የሀጀራ ሻይ ቤት አለ። አራት ምሰሶና አንድ ሸራ ነው እንጂ ቤት እንኳ አይባልም። ባሕር ለመሻገር ቀን የሚጠብቁ የኢትዮጵያ ልጆች ጥላው ሥር ይሰበሰባሉ። በዚያ ሙቀት ነቅቶ የሚውል ሌላ ሰው በመንገዱ ላይ የለም።

«ሞተር?» አለች ሀጀራ ሻይ እየቀዳችልኝ። «አዎ፤ እዚህ ፊቴ ነው የቆመበት። ሰውየው ወርዶ በእርግጫ አለው። እንደሱ ሲሆን እኔም ሳቄ መጣ።»

«ከዚያስ?»

«ሦስት የኛ ልጆች ገፉለት። ‹ልጅ እያለሁ ድንጋይ ነው የገፋሁት፣ ይሄስ ጎማ አለው› እያሉ። ውሃ ገዝቶ አጠጣቸው።»

«ልጆቹ የታሉ?»

«ማታውኑ ወደ ኦቦክ ወደብ ሄዱ፤ አላህ ያሻግራቸው።»

«የሰውየውን ፊት አይተሻል?»

«በሽርጥ ተጠቅልሎ ሄልሜት ደፍቶበታል። ግን ወጣት አይደለም። ቀና ሲል ወገቡን ይይዛል።»

«ወዴት ገፉለት?»

በአገጯ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ አሳየችኝ።

ጣቢያው ከተዘጋ ወዲህ ፍየሎች ናቸው ሹማምንቱ። ከኋላ በኩል የዕቃ መጋዘኖች ተደርድረዋል፤ በሮቻቸው ዝገዋል፤ ቁልፎቻቸውም እንደዚያው። አንዱ ቁልፍ ግን ዘይት ተቀብቷል። ጠጋ ብዬ ሳየው ቡጢ የሚያክል ነሐስ ነው። የት እንዳየሁት ለማስታወስ ብዙ አልፈጀብኝም። ኪሴ ውስጥ ካለው ፖስታ የየውብዳርን መክፈቻ አወጣሁና ሞከርኩት። እናቱ እንደጠራችው ልጅ ከች ብሎ ተከፈተ።

ሞተሩ ውስጥ ነበር። በመሐል እግሩ ተስተካክሎ ቆሟል። አቧራው ተወልውሏል፤ ዘይት እንዳይንጠባጠብ ከሥሩ ካርቶን ተደርጎለታል፤ ከላይ የታጠበ አንሶላ ለብሷል። ሃያ አንድ ዓመት ሌባ አሳድጃለሁ፤ ለሰረቀው ዕቃ መኝታ የሚያነጥፍ ግን አልገጠመኝም። እዚያው ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥዬ ግን የውብዳር ትዝ አለችኝና ሳቄ ቆመ። መክፈቻው ከየውብዳር ሌላ ማን እጅ እንዳለ ካላሳየሁ፣ መዳም ሁዳ «እሷው ናት ከፍታ የሰጠቻቸው» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች።

ለጋሽ ሚናስ በስልክ «ሞተሩ ተገኝቷል» ስላቸው መልሳቸው «ጭረት አለው?» የሚል ነበር።

«የለውም። የግቢዎን ቁልፍ ከየት ነው ያመጡት?»

«ከባቡሩ ወርክሾፕ። እንደሱ ያለ ቁልፍ ዓለም ላይ የለም።»

«አንዱ መክፈቻ ስንቱን ይከፍታል?»

መክፈቻውን ከአንገታቸው ሲያወጡ በስልኩ ተሰማኝ።

«ሁሉንም» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «መክፈቻ ፍለጋ ባቡር እንዳይዘገይ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነበር የሚሰጠን። አቤት! ይሄን እንዴት ሳላስበው!»

እነሆ የባቡር ድርጅቱ ሠራተኛ በሙሉ መክፈቻውን ኪሱ ይዞት በሚዞረው ቁልፍ ነበር ሰውየው በሩን ቆልፈው የሚተኙት። የባቡር ሰው ካልሆነ ይህን ስሕተት ማን ይሠራዋል? ከድሮዎቹ ሠራተኞች በከተማው የቀሩት አራት ናቸው። አንዱ ሆስፒታል ተኝቷል። ሌላው ዓይኑ አያይም። ሦስተኛው ራሳቸው ጋሽ ሚናስ ናቸው። አራተኛው ገብረኪዳን የሚባል የባቡር ሾፌር የነበረ ሰው ነው። «እሱን ተወው» አሉኝ ጋሽ ሚናስ፤ «ወንድሜ ማለት ነው።»

ጋሽ ገብረኪዳንን ያገኘሁት ካርቲዬ ሦስት፣ መብረዙ ውስጥ ነው። መብረዝ ማለት ወዳጆች ከቀትር በኋላ ጋደም ብለው ጫት የሚቅሙበት ክፍል ነው። በዚች ከተማ ወንድ ልጅ ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ሲገባ የት እንደሚገኝ ሚስቱም፣ አለቃውም፣ ፖሊስም ያውቃል። እሱም ማዕዘን ላይ፣ ቀይ ትራስ ላይ ክንዱን አስደግፏል።

«ትናንት ከሰባት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚችው ትራስ ላይ ነበርኩ» አለኝ።

ሌሎቹ አራቱ በአንድ አፍ መሰከሩ። «የት ይሄዳል ብለህ ነው? ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚች ጥግ ተነሥቶ ያውቃል?» አሉ። አንዱማ በእናቱ መቃብር ማለ። አራት የተከበሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚዋሽ ሰው ፊትም አላየሁባቸው። አመስግኜ ወጣሁ። ሰዓቱ አሥራ አንድ አልፏል፤ የመዳም ሁዳ ቀጠሮ ሊያበቃ ምንም አልቀረውም። የገብረኪዳን መክፈቻ እቤቱ መኖር አለመኖሩን አይቼ ልጨርስ ብዬ ወደ ሚስቱ ወደ እትዬ ይመኙሻል ሄድኩ።

መክፈቻው ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ያ ደግሞ ምንም አያስረዳም። ልሰናበት ስል እትዬ ይመኙሻል እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

«እህል ሳትቀምስማ አትወጣም፤ የኔ ልጅ። ዛሬ የደስታዬ ቀን ነው። ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልኩት ስለት ሰመረልኝ!»

«እንኳን ደስ ያለዎት። ምን ብለው ነበር የተሳሉት?»

«ይሄን ጫት አስተውልኝ ብዬ። ትናንት ማታ ገብረኪዳን ሲገባ ራበኝ አለኝ። ራበኝ! ከስንት ዓመት በኋላ! ሩዙን ከነዓሣው ጥርግ አድርጎ የድስቱን ቂጥ በዳቦ ጠረገው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማንኮራፋት ጀመረ። እኔ በደስታ ሳለቅስ አደርኩ።»

ጉርሻዬ አፌ ውስጥ እንዳለ ቆመ። አምስት ሰዓት ሲቅም የዋለ ሰው ያን ማታ እህል አይሸተውም፤ እንቅልፍም በዓይኑ አይዞርም። ይህን ጅቡቲ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እንደዚያ የሚበላውና የሚተኛው ጫት ያልቀመሰ፣ በሰኔ ፀሐይ ሞተር ሲገፋ የዋለ ሰው ነው። ለእትዬ ይመኙሻል ግን ምንም አልተነፈስኩም። ሩዙን ጨረስኩ፤ እውነትም የሚጣፍጥ ነበር።

መብረዙ በር ላይ ተመልሼ ቆምኩ።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ» አልኩ ለአራቱ። «ትናንት ጋሽ ገብረኪዳን ምን ምን አወራላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ትራሱን አየ። «ፔርሙዙ እዚህ ነበር...» አለ አንዱ። «ነጠላ ጫማውም በር ላይ ነበር...» አለ ሁለተኛው። ሦስተኛው በመጨረሻ ራሱን አከከና «እንደ እውነቱ ከሆነ ጫቱን የጨረስኩለት እኔ ነኝ፤ ውሃ ሽንት ወጥቶ የሚመለስ መስሎኝ» አለ። አልዋሹም። ሃያ ዓመት አንድ ጥግ ላይ የኖረን ሰው ማን ቀና ብሎ አለ ወይስ የለም ብሎ ያያል?

ጋሽ ገብረኪዳን ሳይጠራ ተነሥቶ ተከተለኝ። መኪናው አጠገብ ስንደርስ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ሚናስ ኮርቻዬን አወጣት» አለ።

«እንዴት?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ አዲስ ነገር በገጠመ ቁጥር ከኋላ አስቀምጦ የሚሞክረው በእኔ ነው። ፍሬኑን ሲለውጥ እኔ ነኝ ወድቄ ክንዴ የተላጠ። ድሬዳዋ አብረን ልንሄድ ነበር። ዕድሜዬን የነዳሁበትን ሐዲድ ዳር ዳሩን እያየሁ ልሄድ ነበር። እሑድ ሄጄ ባይ ቦታዬ ላይ ሰልባትዮ ተቀምጧል። አንድም ቃል ሳይነግረኝ! ደግሞ ‹ቆንጆ አይደለም?› ይለኛል።» ክንዱን አሻሸ። «አርብ ካለፈ በኋላ ልመልስለት ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«የውብዳር ሌባ መባሏን ሰምተዋል?»

«ዛሬ ጠዋት ሰማሁ።»

«አሁን እኮ ማታ ሊሆን ነው!»

«ፈራሁ» አለ። «አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ ልነሣ ልነሣ ስል ዋልኩ።»

አሳዘነኝ፤ ግን ተናድጄበትም ነበር፤ ንዴቴ ይበልጥ ነበር። ጋቦዴ እስክንደርስ አንድ ቃል አላናገርኩትም።

ጋሽ ሚናስ ታሪኩን ሲሰሙ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ኮርቻ ብዙ ጊዜ አዩት። «ለቤንዚን ሳስብ ለሰው ረሳሁ» አሉ። ከዚያ ተነሥተው የገብረኪዳንን ትከሻ በጡጫ መቱትና አቀፉት። ሁለት ሽማግሌዎች እየተላቀሱ ተሳሳቁ። ክስ የለኝም፣ ሰልባትዮውንም ዛሬውኑ አብረን እንፈታዋለን አሉ ጋሽ ሚናስ። ጎረቤቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እሰይ! እሰይ!» አለ። እኔም ደብተሬን አጠፍኩ።

«እኔስ?»

የውብዳር ናት። ሻንጣዋን ይዛ የመዳም ሁዳ በር ላይ ቆማለች። ሳቁ በአንዴ ጠፋ።

«ምንሽ ቀረ፤ የኔ ልጅ? ንጹሕ ነሽ እኮ!» አሉ ጋሽ ሚናስ።

«ትናንት እዚህ ደጅ ላይ በፈረንሳይኛ ሌባ ተባልኩ። በሶማልኛ ተባልኩ። በዓረብኛም ተባልኩ። ሁሉም ሰው እንዲሰማ ተጮኸ። ንጹሕነቴ ግን በአማርኛ፣ ግቢ ውስጥ፣ በሹክሹክታ ነው?»

እኔም ራሴ ደብተሬን ይዤ አንገቴን ደፋሁ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ጋሽ ሚናስ ናቸው። መንገዱ መሐል ወጥተው በፈረንሳይኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን ተናገሩ። ጋሽ ገብረኪዳን በሶማልኛ ሞተሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ አለ። መስኮቶች ተከፈቱ። የዓረብኛው ለእኔ ደረሰኝ፤ መለያዬን አውጥቼ በመንግሥት ስም የውብዳር ምንም እንዳልወሰደች አወጅኩ። እንደዚያ ያለ ሥልጣን እንዳለኝ እርግጠኛ አይደለሁም።

የውብዳር ግን እኛን አላየችም። የምታየው መዳም ሁዳን ነበር።

መዳም ሁዳ በአራት ዓመት አንድ ቀን አማርኛ ስትናገር ተሰምታ አታውቅም፤ የምታዝዛትም በፈረንሳይኛ ነበር። ፊቷ ቀላ። ሻርፗን አስተካከለች። ጎረቤቷ ሁሉ እያያት፣ ቃሉን አንድ በአንድ ከሩቅ እንደሚያመጣ ሰው፣ «የውብዳር... ጥሩ ሰው» አለች። ቆም አለችና ቀጠለች፤ «እኔ... ጥፋት። ይቅርታ።»

የውብዳር ዕንባዋ መውረድ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በእጇ ጀርባ ጠረገችው፤ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ቤት ገባች። በሩን ከማለፏ በፊት ዞር አለች።

«እራት አልሠራሁም» አለች። «ዛሬ እርስዎ ይሥሩ።»

መዳም ሁዳ አንገቷን ነቅንቃ ተከተለቻት። ብዙም ሳይቆይ ከኩሽናው መስኮት ሽንኩርት ሲከተፍ ተሰማን።